ደሙ ደረቀ፣ ልጅቷስ?

ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በቆቦና በዙሪያው ባለው የራያ ቆላ ሶለል ይገባል። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ፣ ትግራይ አሸንዳ የሚለውን በዓል ራያ ቆቦ ሶለል ብሎ ያከብረዋል። ልጃገረዶቹ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ቅቤ ተቀብተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ለምለሙን ቅጠል በቀሚሳቸው ላይ ወገባቸውን አስረው በቡድን ይወጣሉ። አንዷ ከበሮ ትመታለች፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። በእነዚያ ቀናት ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ የሚላት የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ከወንድሟ ዓይን ያልራቀች ልጅ ከእኩዮቿ ጋር ወጥታ ትውላለች። ጎረምሳውም ዳር ቆሞ ያያል። ዓይኑ ያረፈባትን ለቤተሰቡ ይነግራል፣ ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል። ብዙ ትዳር የተጀመረው እንዲህ ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አልተጀመረም።

ሽማግሌ ልኮ እምቢ የተባለ፣ ጥሎሽ ያነሰው ወይም መጠየቁን ራሱ የናቀ ወንድ ጓደኞቹን አሰባስቦ ይጠልፋል። ጠለፋ በአንድ አካባቢ ብቻ የታየ ነገር አይደለም፤ ከደቡብ እስከ ሰሜን የብዙ ሕዝብ ታሪክ ውስጥ አለ። ቦታው የምንጭ መንገድ፣ የገበያ መመለሻ፣ እንጨት የሚለቀምበት ጫካ ነው። ልጅቷ ተይዛ ዘመድ ቤት ትደበቃለች፤ እዚያ ትደፈራለች። መደፈሯ ከጠለፋው በኋላ የመጣ አደጋ አልነበረም፤ የጠለፋው ዋና ዓላማ ነበር። ከእንግዲህ ሌላ ሰው አያገባትም ብሎ ቤተሰቧ እጁን እንዲሰጥ የሚያደርገው እሱ ነውና።

መሣሪያ የወንድ ልጅ ክብር በሆነበት በራያ ምድር ደግሞ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ወንድም ምንሽሩን ያነሳል፤ አንድ ሰው ከወደቀ ደም ይገባል፤ ደም ከገባ የልጅ ልጅ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ሽማግሌ ይሮጣል። ራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባል የታወቀ የእርቅ ሥርዓት አለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሽማግሌ አብሮ ተቀምጦ የሁለቱን ወገን ቃል ይሰማል፣ ካሳ ይቆርጣል፣ መሐላ ያስገባል፣ ደም ያደርቃል። መንግሥት ሩቅ በነበረበት ዘመን ሁለተኛውን ሬሳ ያስቀረው ይህ ሸንጎ ነው፤ ዛሬም ፍርድ ቤት የማይዘልቀውን ቂም ይፈታል። ይህን ሥራ አቃልሎ የሚያይ ሰው በቂም ቀን መንገድ ለመንገድ ተሸሽጎ የሄደ ሰው አልገጠመውም።

ሆኖም ሸንጎው የሚመዘነው በአንድ ነገር ነበር፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ታረቁ ወይስ አልታረቁም? አባትየው ካሳውን ተቀበለ፣ ወንድም መሣሪያውን መለሰ፣ በሬ ታረደ፣ እርቁ ተሳካ ተባለ። ልጅቷ ሸንጎው በተቀመጠበት ዛፍ ጥላ ሥር አልነበረችም። ከጠላፊዋ ጋር ጎጆ ስትወጣ ምን እንደሚሰማት፣ በቀጣዩ ክረምት ተደብድባ እንደሆነ፣ ሸሽታ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ጥቃትን ለመከላከል የተዘረጋው የመጀመሪያው ሥርዓት የራሱ መመዘኛ ነበረው፤ በመመዘኛው ውስጥ ግን ተጠቂዋ አልገባችም። ከዚያ በኋላ የመጡትም ሥርዓቶች፣ ሕጉም፣ የዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤትም፣ ይህንኑ ጉድለት በየራሳቸው መንገድ ወርሰውታል።

ሕጉ ወዲያው ነው የወረሰው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠለፋን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣ ነበር። ጠላፊው ልጅቷን በወጉ ካገባት ግን ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ክስ አይቀርብበትም። አስገድዶ መድፈርም ቢሆን በጋብቻ የሚሸፈንበት በር ነበረው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ብሎ ወሰነ። የሽማግሌው እርቅ በጽሑፍ ሰፈረ ማለት ይቻላል፤ ጋብቻ ካለ ሰላም አለ፣ ሰላም ካለ ወንጀል የለም።

ይህን ያናወጠው የአርሲዋ ልጅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክር እጇ በገባው መሣሪያ ጠላፊዋን ገደለች። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በመዓዛ አሸናፊ መሪነት ጥብቅና ቆሞላት፣ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። ኋላ «ድፍረት» የተባለው ፊልም ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ተሠራ። ነገር ግን ፍርድ ቤት ነፃ ያላት ልጅ ወደ ቀዬዋ ተመልሳ መኖር አልቻለችም። ሁለቱ መመዘኛዎች ፊት ለፊት የተጋጩት እዚህ ላይ ነው።

ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 የጠለፋን ቅጣት ከሦስት እስከ አሥር ዓመት አደረሰው፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድነውም በግልጽ ጻፈ። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያስቀጣል። ተጠቂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች፣ ወይም ተከሳሹ በሚቆጣጠረው ተቋም ሥር ያለች ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሃያ ዓመት ይደርሳል፤ ከተቋማቱ መካከል የትምህርት ተቋም በስም ተጠቅሷል። ይህች ሐረግ በየግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልትለጠፍ የሚገባት ናት።

የአማራ ክልል ግን ዋናው ሕመሙ ጠለፋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ካገቡ ሴቶች 8 በመቶ ያህሉ በጠለፋ እንደተዳሩ ሲያሳይ፣ አማራ ከአማካዩ በታች ነበር። የክልሉ ቁስል ያለዕድሜ ጋብቻ ነው፤ ወላጅ የልጁን ክብር ከጠላፊና ከሐሜት አድናለሁ ብሎ በአሥርና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ይድራታል። ክልሉ በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን 18 ቢያደርገውም አዋጅ ብቻውን ጎጆ ውስጥ አልገባም። አንዱን ጥቃት ለመሸሽ ሌላ ጥቃት ውስጥ መግባት ነበር፤ እዚህም ቢሆን ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም።

እሷን መጠየቅ የተጀመረበት አንድ ቦታ ሞሰቦ ነው። በምዕራብ ጎጃም አዴት አካባቢ በምትገኘው በዚህች ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2004 ብርሃነ ሔዋን የተባለ መርሐ ግብር ተከፈተ። ልጃገረዶች በቡድን ሆነው ከአንዲት ትልቅ ሴት አስተባባሪ ጋር ይገናኛሉ፣ ለተማሪዎቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፣ ከመንደሩ ነዋሪ ጋር በየጊዜው ውይይት ይደረጋል። ሁለት ዓመት ሳትዳር የቆየች ልጅ ቤተሰብ በመጨረሻ አንድ በግ ያገኛል። በጉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ልጁን ለመዳር የቸኮለ አባት ምክንያቱ ድህነት እንደሆነ የገባው ሰው ግን ያስበው ነገር ነው።

ከበጉ ይልቅ ለዚህ ታሪክ የሚበጀው አሠራሩ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ልጃገረዶቹ ተጠየቁ፤ መርሐ ግብሩ ባልደረሰበት ተመሳሳይ መንደር ያሉትም ተጠየቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱም ቦታ እንደገና ተጠየቀ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ከጎረቤት መንደር ልጆች ይበልጥ ትምህርት ቤት ውስጥ ቆይተዋል፤ የተዳሩትም በጣም ያነሱ ነበሩ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ የታየው ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ በሞሰቦ ያገቡት ከንጽጽር መንደሩ በዝተው ተገኙ። ጋብቻው ቀርቶ ነበር ወይስ ለጥቂት ጊዜ ተላልፎ ነበር? ሪፖርቱ «ይህን ያህል ልጃገረድ ሠልጥኗል» ብሎ ቢያበቃ ይህ ጥያቄ ጨርሶ አይወለድም ነበር። አዘጋጆቹ ያልተመቻቸውን ውጤት አልደበቁም፤ አሳተሙት። በአገራችን ጥቃትን የመከላከል ታሪክ ውስጥ ይህ ትልቅ ቀን ነው።

ጋብቻው ሲዘገይ ልጅቷ የት ሄደች? ትምህርት ቤት። የራያ ቆቦ ገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ ብዙ ጊዜ ከዞብል ተራራ ወይም ከቆላው ቀበሌ ተነሥታ ወደ ከተማ ትገባለች። ከአንድ ወይም ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ክፍል ትከራያለች፤ በገበያ ቀን ከቤት ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ይመጣላታል። በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል ወይስ በገመድ ነው የሚታሰረው? መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ በጨለማ መንገድ ተሻግሮ? ኪራይ ሲዘገይ አከራዩ ምን ይላል? የወላጅ ዓይን፣ የወንድም መሣሪያ፣ የዘወልድ ሸንጎ እዚያች ክፍል አይደርሱም። አደጋውም መልኩን ቀይሯል። ፈረስ አስከትሎ የሚመጣ ጠላፊ ሳይሆን ባጃጅ የሚነዳው፣ ደብተር የሚያውሰው፣ «ጓደኛሽ ነኝ» የሚለው ነው።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ይመጣል። ከዘጠናዎቹ መባቻ ጀምሮ በአገሪቱ የነበሩትን ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች በሁለት አሥር ዓመታት ውስጥ ከአርባ በላይ ያደረሰው መስፋፋት ወሎንም አዳርሷል፤ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ደቡብ ባለችው ወልድያ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ጀመሩ። ትምህርት ሚኒስቴር ስለሚመድብ የቆቦ ልጅ ጅማ፣ የጅማ ልጅ ወልድያ ትገኛለች። ፍሬሽ ሆና ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ስትቆም «ልርዳሽ» የሚል ሲኒየር አይጠፋም። አብዛኛው በቅንነት ነው። ከመካከላቸው ያልሆነውን ለይታ እንድታውቅ ያዘጋጃት ግን የለም።

የችግሩ ስፋት ቀደም ብሎ ታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቡታጅራ ባስጠናው ጥናት የትዳር ወይም የፍቅር አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት በአጋራቸው ደርሶባቸዋል። በአዋሳ 1,330 የኮሌጅ ሴት ተማሪዎች መጠይቅ ሞልተው እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት ከግማሽ በላይ የሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ ገጠር ያደጉት ይበልጥ ተጋላጭ ነበሩ። እዚያው ወንዶቹም ተጠይቀዋል። መጠጥና ጫት የሚያዘወትሩት፣ ልጅ ሳሉ በቤታቸው ድብደባ ያዩት ጥቃት አድርሰናል የማለታቸው ዕድል ከፍ ያለ ነበር። የእናቱን ጩኸት ሰምቶ ያደገ ልጅ ይዞት ከሚመጣው ነገር ጋር ዶርም ይገባል።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ዝም አላሉም። በየግቢው የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሟል፤ ፍሬሽ ተማሪዎች ሲገቡ ገለጻ ይሰጣል፤ በኅዳር የነጭ ሪባን ቀን፣ በየካቲት ማርች 8 ይከበራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው የሎው ሙቭመንት መምህራንና ተማሪዎችን አስተባብሮ ጾታዊ ጥቃትን በአደባባይ ያነጋገረ እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የ16 ዓመቷ ሃና ላላንጎ አዲስ አበባ ውስጥ ተጠልፋ በቡድን ተደፍራ ሕይወቷ ሲያልፍ አገሩን ሁሉ ያነቃነቀው ቁጣም የወጣቶች ድምፅ ነበረበት።

ይህ ሁሉ ሥራ ግን ምን አመጣ ሲባል መልሱ የሠልጣኝ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ቀን፣ አበልና ሻይ ቡና ጭምር። ሠልጣኙ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ አመለካከቱን ቢጠየቅ እንኳን ያን ዕለት የሚፈለገውን መልስ ያውቃል። ሌላም ወጥመድ አለ። ጽሕፈት ቤቱ በደንብ ከሠራ ተማሪዎች ያምኑታል፤ ካመኑት አቤቱታ ይበዛል፤ የበዛውን አቤቱታ ያየ አመራር ደግሞ ጥቃት ጨመረ ብሎ ይደነግጣል። አቤቱታ ያልመጣበት ዓመት ሰላማዊ ተብሎ ይመዘገባል። የግቢው ሰላም የቤተሰቦቹን እርቅ ተካ፤ ልጅቷ አሁንም ከሸንጎው ውጭ ናት።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸምን ለመቀነስ የታለሙ ሥራዎችን የለኩ 140 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ ድርጊቱን ራሱን በማያጠራጥር ምዘና መቀነሳቸው የታየው ሦስት ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ አንድ ጊዜ የሚሰጡ አጫጭር ገለጻዎች ነበሩ፤ እውቀት ጨምረዋል፣ ድርጊት አልቀነሱም። በዓመቱ ግን ካናዳ ውስጥ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው የተደረገው ጥናት ውጤት ታተመ። ግማሾቹ በአራት ክፍለ ጊዜ በድምሩ 12 ሰዓት ሠለጠኑ፤ ግማሾቹ በራሪ ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው። ሥልጠናው ያተኮረው ከማያውቁት ሰው ይልቅ ከሚያውቁት በሚመጣው አደጋ ላይ ነው፤ ምልክቱን ቶሎ ማየት፣ ላለማስቀየም ብሎ ዝም አለማለት፣ በቃልና በአካል መከላከል፣ የራስን ፍላጎት ማወቅ። ከዓመት በኋላ የተደፈሩት ባልሠለጠኑት መካከል 9.8 በመቶ፣ በሠለጠኑት መካከል 5.2 በመቶ ሆኑ። በደሉ የአጥፊው ሆኖ ሳለ ሸክሙን ሴቷ ላይ መጣሉ ቅር ያሰኛል፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው። ግማሽ ያህል መቀነሱ ግን ለአንዲት ፍሬሽ ተማሪ ሕይወቷ ነው።

ወንዶቹን ይዞ የተነሣ ሥራ እዚሁ አገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ በቦሌ፣ በጉለሌና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወንዶች ተጠንተው፣ የቡድን ውይይትና የአካባቢ ቅስቀሳ የደረሳቸው በፍቅር ጓደኛቸው ላይ የሚያደርሱት ጥቃት ሲቀንስ፣ ባልደረሳቸው ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም። ከዚያ የሚበልጠው የጉራጌ ዞኑ ነው። በ64 መንደሮች ከ6,700 በላይ አባወራዎች የተካተቱበት ይህ ጥናት ውይይቱን ቡና ላይ አደረገው። በአንዳንዱ መንደር ሴቶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ወንዶች ብቻ፣ በሌላው ባልና ሚስት ሆነው 14 ጊዜ ተሰበሰቡ፤ የቀሩት መንደሮች ለንጽጽር ተተዉ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሲጠየቅ ሴቶቹ ለብቻቸው የተሰበሰቡበት መንደር ጥቃቱ አልቀነሰም፤ ወንዶች በተሰበሰቡበት ግን በሚስታቸው ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽመናል የሚሉት ወንዶች አነሱ። ሰውየው ተሻሽሎ ነው ወይስ መልሱን ተምሮ? ጥያቄው ይነሣል፤ ለዚህ ነው ሚስቱም ለብቻዋ መጠየቅ ያለባት።

ወሎ ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ ምክር የሚመከርበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ዱዓና ምርቃት የሚወርድበት አገር ነው። በራያ ቆቦ የእርቅ ሽማግሌውን ክብር የያዘ፣ ልጅቷንም ቡናው ዙሪያ ያስቀመጠ ውይይት ቢሞከር ባዕድ ነገር አይሆንም።

የሰሜኑ ጦርነት በመካከል ገባ። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ ኃይሎች ተያዘች፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ጳጉሜን 4 ቀን በከተማዋ ነዋሪዎች ላይ የተፈጸመውን ግድያ መዝግቧል፤ በነፋስ መውጫና በጭና ደግሞ ሴቶች መደፈራቸውን አረጋግጧል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ። ከዓመት በኋላ ነሐሴ ላይ፣ ሶለል በሚከበርበት ሰሞን፣ ጦርነቱ ተመልሶ መጣ። በሰሜኑም በደቡቡም በኩል ያሉ ሴቶች የከፈሉት ዋጋ ተቆጥሮ አላለቀም። ዛሬ በዚህ አካባቢ ለተማሪ የሚሰጥ መጠይቅ ይህን ሸክም የያዘች ልጅ እጅ ውስጥ እንደሚገባ ማወቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ ስለ ጥቃት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የተጠያቂዋን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ እርዳታ የምታገኝበትንም ቦታ አዘጋጅቶ እንዲጀምር ይላል። አማካሪ ሳይኖር መጠየቅ ቁስል ነክቶ መሄድ ነው።

ይህ ከተዘጋጀ የቀረው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ሁሉንም ፍሬሽ ተማሪ በአንድ ሳምንት ማሠልጠን የሚችል ግቢ የለም፤ ስለዚህ በዕጣ ተለይተው ግማሾቹ በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ የቀሩት በሁለተኛው ይሠልጥኑ። በመካከሉ ሁለቱም ወገኖች ስም ሳይጽፉ ይጠየቁ፤ በዓመቱም እንደገና። ያለ ፈቃድሽ የነካሽ ወይም ያስገደደሽ ሰው አለ? ለማን ነገርሽ? ከነገርሽ በኋላ ምን ሆነ? ለወንዶቹም አቻው ጥያቄ ይቅረብ። ወረቀቱን የሚሰበስበውና የሚቆጥረው ሥልጠናውን የሰጠው ጽሕፈት ቤት መሆን የለበትም፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አጥኚ ይሁን፤ ውጤቱም እንደ ሞሰቦው ሳይመርጥ ይታተም።